በመኝታ ቤቱ በኩል

«መድኃኒቱንማ ምራቷ ናት የምታስቀርባት። ቤት ውስጥ ሌላ ማን አለ?»

እንዲህ ያለችው የምራትየዋ ባል ታላቅ እህት ናት። ያለችውም ክሊኒኩ ኮሪደር ላይ አጠገቧ ተቀምጣ ተራ ለምትጠብቅ፣ ስሟን እንኳ ለማታውቃት ሴትዮ ነው። የተባለላት ምራት ደግሞ አማቷን ከላብራቶሪ ደግፋ ስትመለስ ከኋላቸው ቆማ አንድም ቃል ሳያመልጣት ሰማችው። ክው አለች። ክንዷ ላይ የተደገፉት አሮጊትም ሰምተዋል፤ ጆሯቸው እንደሆነ የጎረቤት ቁልፍ ሲዞር ይሰማል።  የምራታቸውን እጅ ጫን አድርገው ያዙና፣ «ቁጭ ልበል ልጄ፣ እግሬ ከበደኝ» አሉ። ያን ጊዜ «ኧረ ተይ፣ እሷ ምን በወጣት!» ቢሉላት ምን ነበረበት? አንዲት ቃል እኮ ናት! ምራትየዋ ልብስ ሰፊ ናት፤ ተበድላ ዝም ማለት የማይሆንላት፣ ምላሷ የማይተኛ ሴት። ባሏን ስታገባ እህቱንም አብራ እንዳገባች የገባት ግን ዘግይቶ ነው። በልቧ «ኢንስፔክተሯ» ትላታለች። ኢንስፔክተሯ ስትመጣ ድስት ትከፍታለች፣ ያበጠውን የእናቷን ቁርጭምጭሚት በአውራ ጣቷ ትጫናለች፤ የተጫነችው ቦታ ሰርጉዶ ሲቀር ቀና ብላ ልብስ ሰፊዋን ታያታለች። እስከ ዛሬ ግን በአፏ አውጥታው አታውቅም ነበር።

ዶክተሩ ገና ልጅ እግር ነው፤ ዓይኑ ከእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል። የአሮጊቷን እግር አየ፣ ደረታቸውን አዳመጠ፣ የስኳሩን ውጤት አንብቦ ራሱን ነቀነቀ። «እማማ፣ ውሃ የሚቀንሰውን ክኒን በየቀኑ ይወስዳሉ?» «እወስዳለሁ ልጄ።» «የስኳሩንስ መርፌ? ሃያ ዩኒቱን፣ ጠዋትም ማታም?» «እወጋለሁ።» «ምግብስ?» «ተመስገን ነው።» ጥያቄውና መልሱ በዚህ አለቀ፤ ምን ያድርግ፣ ውጭ ሰው እስከ ደረጃው ድረስ ተሰልፏል። «እንግዲያው መጠኑ አልበቃቸውም ማለት ነው» አለ፣ ወደ ልብስ ሰፊዋና ወደ እህትየዋ ዞሮ። «ልባቸው ደክሟል። ውሃው ካልወጣ ሳንባቸው ውስጥ ይገባል፤ ስኳሩም እንዲህ ከቆየ ኩላሊታቸውን ይጨርሰዋል።» ክኒኑን ከአንድ ወደ ሁለት፣ መርፌውን ከሃያ ወደ ሃያ ስምንት ከፍ አደረገው። ከዚህ በፊትም እንዲሁ ከፍ አድርጎት ነበር፣ ምንም ለውጥ አልመጣም እንጂ። «ላብ ላብ ካላቸው ወይ ከተንቀጠቀጡ ቶሎ የሚጣፍጥ ነገር ስጧቸው» አለና የሚቀጥለውን በሽተኛ ጠራ።

ያን ሰዓት ማንም ያላወቀውን ነገር እናንተ እወቁት። አሮጊቷ ክኒኑን የሚወስዱት ልጃቸው ዕረፍት በሚሆንበት ቀን ብቻ ነው። መርፌውንም ሃያ መውጋት ከተዉ ቆይተዋል፤ አሥር ነው የሚወጉት። ዶክተሩ በየጊዜው ከፍ የሚያደርገው ያልተወሰደ መድኃኒት ነው።

ምክንያቱን ደግሞ ስሙልኝ። የሚኖሩት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አከራዩ አንዱን ቤት በግድግዳ ለሁለት ከፍሎ ለሁለት ተከራይ ሲያከራየው፣ የእነሱ ሽንት ቤት በር መኝታ ቤቱ ውስጥ ቀረ። ሳሎን የሚያድር ሰው ሽንት ቤት ለመሄድ በባልና ሚስቱ አልጋ እግርጌ ማለፍ አለበት። ሳሎን የሚያድሩት እናት ናቸው። ልጃቸው ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ሌሊቱን ምድጃ ፊት ቆሞ ያነጋና ጠዋት መጥቶ እስከ አመሻሽ ይተኛል። የመኝታ ቤቱ በር ደግሞ ዘይት ቢቀቡትም ይጮኻል። ያንን ክኒን የወሰደ ሰው መቼም አያርፍም፣ ገና ከመቀመጡ ሽንት ያስነሳዋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አሮጊቷ እንደታዘዙት ወስደው በእግራቸው ጣት እየተራመዱ ሲመላለሱ፣ ልጅየው ብንን ሲል፣ ደግሞ ሲያሸልብ፣ ደግሞ ብንን ሲል ይውላል። «ግዴለም እማዬ፣ ግቢ» ይላል ዓይኑን ሳይገልጥ። በዚያው ሰሞን እንቅልፍ እያዳፋው ክንዱን ምድጃው አፍ ላይ ጠበሰው። ከአንጓው እስከ ክርኑ በፋሻ ተጠቅልሎ ሲመጣ እናቱ አዩት። ምንም አላሉም፤ እኚህ ሴትዮ መቼም ምንም አይሉም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ክኒኑን ምላሳቸው ሥር ይዘው ቆይተው መጣል ለመዱ። ውሃ ቀነሱ፣ ሻይ ቀነሱ፤ ምግብም ውሃ ይጠራል ብለው ምግቡንም ቀነሱ። ሳይበሉ የወጉት መርፌ ሲያንቀጠቅጣቸው ጊዜ መርፌውንም በገዛ እጃቸው በግማሽ ቆረጡት። ፖፖ ይገዛ ተብሎ ነበር። «ሰው በሚገባ በሚወጣበት ሳሎን? እኔ?» ብለው ሳምንት ሙሉ አኮረፉ። እንዲህ ነው ነገሩ። ማንም ክፉ ሰው የለበትም፤ እኔን የሚያንጨረጭረኝም እሱ ነው።

ከክሊኒኩ ወጥተው ፋርማሲ ገቡ። እህትየዋ የኢንሱሊኑን ዋጋ ስትሰማ፣ «ባለፈው ወር እኮ እንዲህ አልነበረም» ብትለው፣ ፋርማሲስቱ «ባለፈው ወርማ አለፈ» አላት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ልብስ ሰፊዋ ሳቋን ትለቀው ነበር። ዛሬ ግን መድኃኒቱን ተቀብላ ወጣች። ታክሲ ውስጥ ሦስቱም ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው በየፊናቸው ውጭ ውጭውን እያዩ ቤት ደረሱ። ጋጋሪው ተኝቷል፤ ዱቄት የለበሰ ጫማው መኝታ ቤቱ በር ሥር ተቀምጧል፣ ማንኮራፋቱ ሳሎን ድረስ ይሰማል። እህትየዋ ሶፋው ላይ ዘፍ አለችና ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ «በይ እንግዲህ፣ ስጪያት። እኔም ልይ» አለች።

«እኔው ራሴ እወጋዋለሁ። ስንት ዓመት የወጋሁትን!» አሉ አሮጊቷ እጃቸውን ዘርግተው።

«የለም እማዬ። ዛሬ በምራትሽ እጅ ይሁን፤ እኔም ጥርጣሬዬ ይውጣልኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ደሟ ፈላ። አፏን ብትከፍት የምትለው ብዙ ነበር፤ ግን ባሏ ተኝቷል፣ ደግሞም እልህ ያዛት። እይ እንግዲህ ካልሽ፣ እይ! መርፌውን ቀዳችና ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ፣ ሃያ ስምንተኛዋን መስመር በጥፍሯ እያመለከተች፣ «አየሽ እትዬ? አይጎድልም፣ አይተርፍም» አለች። ዕድሜዋን ሙሉ ጨርቅ ስትለካ የኖረች ሴት ናት፤ መጠን መሳት ለሷ ነውር ነው። አማቷን ሆዳቸው ላይ ወጋቻቸው። ሁለቱን ክኒን ምላሳቸው ላይ አድርጋ ውሃ አስጎነጨቻቸውና፣ «አፍዎን ይክፈቱልኝ እማማ» አለች። ከፈቱላት። «ምላስዎን ያንሱት።» አነሱላት። ይህን ሁሉ ስታደርግ ዓይናቸውን አላየችም፤ ያፈረችው እሷ ነበረች። አሮጊቷ ቢናገሩ ይችሉ ነበር። ግን ቢናገሩ፣ ልጃቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጆሮውን ከፍቶ እንጂ እንቅልፍ እንደማይተኛ ያውቃሉ። ስለዚህ ዋጡት። እህትየዋ «ተባረኪ» ብላ ተነሣች፤ ከደጅ ላይም እናቷን ስማ፣ ለልብስ ሰፊዋም ጉንጯን ሰጥታት ሄደች።

ሁለት እንቁላል ጠብሳ፣ ዳቦ ቆርሳ፣ ሻይ ቀድታ አቀረበችላቸው። «ይብሉ እንግዲህ፤ መርፌው ምግብ ይፈልጋል።» «እበላለሁ የኔ ልጅ፤ አንቺ ወደ ሥራሽ ሂጂ።» ትልቅ ሰው ሲበላ ማን ቆሞ ይጠብቃል? ታች ምድር ላይ በተከራየቻት፣ ማሽኑና እሷ ከገቡ ሦስተኛ ሰው በማያስገባ ሱቅ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ተከምሮ ይጠብቃታል። ወረደች። አሮጊቷ ዳቦውን ሁለቴ ቆረስ አድርገው አላመጡና የቀረውን ከነእንቁላሉ ድስት ውስጥ ከተው ከደኑት። ሻዩን ድምፅ እንዳያሰማ በዕቃ ማጠቢያው ገንዳ ጠርዝ በኩል ቀስ አድርገው ደፉት። ሁለት ክኒን ገብቷል ዛሬ! በዚያ ላይ ሻይ ከተጨመረበትማ ስንቴ ሊያስነሳቸው ነው? ሳህኑን አጥበው ደፉት።

ልብስ ሰፊዋ ማሽኑን እየረገጠች በሆዷ ከኢንስፔክተሯ ጋር ትሟገታለች። የምትለውን ሁሉ አሁን ነው የምታገኘው፤ ያኔ ቢመጣላት ምናለበት! «አንቺ እናትሽን በወር አንዴ በታክሲ መጥተሽ የምታዪ...» እያለች ነው አንዲት ደንበኛዋ የገባችው። ሴትዮዋ ያመጣችውን ሱሪ አንስታ፣ «ሰፋ አድርጊልኝ፤ ልጁ ያድጋል» አለች። «ሰፋ ካደረግኩት ዘንድሮ ይወልቅበታል።» «ለዘንድሮ ማን ገዛው!» ተሳሳቁ። ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ብትፈልግ የለችም፤ ለካ ጠዋት ፎቅ ላይ ረስታታለች። «አንድ ጊዜ» ብላት ወጣች።

አማቷን መኝታ ቤቱ በር ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው መሃል ጨምቀው ይዘዋል፣ እግሮቻቸው ገጥመዋል።

«እማማ፣ ምነው እዚህ?»

«አየር ፈልጌ ነው።» በዚያ በኩል መስኮት የለም።

«ሽንት ቤት ከሆነ ይግቡ እንጂ! እሱ ምን ይሆናል?»

«ቀስ በይ!» አሉ በሹክሹክታ። ዓይናቸው ተጉረጠረጠ፤ እንዲህ ተቆጥተው አይታቸው አታውቅም። «ይተኛበት። አሁን ገና ጋደም ማለቱ ነው።»

ጋደም ካለማ ቆየ። ልብስ ሰፊዋ ለአፍታ ግራ ገባት። ይዛቸው ልትገባ ክንዳቸውን ብትነካ ወንበሩን በሁለት እጃቸው ጨበጡት። «በልተዋል?» አለቻቸው። «ሳህኑን እይዋ» አሉ። አየችው፤ ታጥቧል። ግንባራቸው ላይ ላብ አለ፣ እሱንም አየችው፤ ግን ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ሦስተኛ ፎቅ በዚያ ሰዓት የማያልበው ማን ነው? ታች ያቺ ሴትዮ ቆማለች። ሜትሯን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ወረደች።

ሱሪው ተለክቶ፣ ሴትዮዋ ሄዳ፣ እጅጌ እየገጠመች ሳለች ነው የዶክተሩ ቃል ከየት መጣህ ሳትለው ጆሮዋ ላይ የደወለው። ላብ ላብ ካላቸው።  ጨርቁን ከነመርፌው ትታ፣ ሱቁን ሳትዘጋ፣ ሦስቱን ፎቅ እንዴት እንደወጣችው ራሷም አታውቅም።

ወንበሩ እንኳ አልወደቀም። ድምፅ ሳያሰሙ ተንሸራተው ነው ወለሉ ላይ የተቀመጡት፤ ጀርባቸው በሩን ተደግፏል፣ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወድቋል። ቀሚሳቸውም ወለሉም ርሷል። በአንድ እጃቸው የነጠላ ጨርቅ ቁራጭ ይዘዋል፤ ወለሉን ማበስ ጀምረው ነበር። ልብስ ሰፊዋ ጉንጫቸውን ስትነካው ቀዝቅዟል፣ ላቡ ግን ይንቆረቆራል። «እማማ! እማማ!» ዓይናቸው ግማሽ ተከፍቷል፣ የሚያየው ግን የለም። ጩኸቷን ለቀቀችው። ጋጋሪው ከአልጋው ዘሎ በሩን ሳበው። በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው፤ እናቱ እግሩ ላይ ወደቁ።

የሆነው ሁሉ ቶሎ ቶሎ ሆነ። እሷ ስኳር በውሃ በጥብጣ በጣቷ ጉንጫቸው ውስጥ ትቀባለች፣ እሱ «ምን ሆነች? ምን ሰጠሻት?» ይላል፣ መልሱን ግን አይሰማም። አዝሏቸው በባዶ እግሩ ደረጃውን ወረደ። ባለታክሲው የአሮጊቷን ቀሚስ መርጠብ አይቶ ፊቱን ሲያኮማትር፣ ልብስ ሰፊዋ አፏን ከፈተችበት፦ «ወንበርህን በእጄ አጥብልሃለሁ! ሰው እየሞተ ነው፣ ንዳ!» ነዳ። የገዛ ወንድሟም ቢሆን እንዲያ አይነዳላትም።

ድንገተኛ ክፍሉ ውስጥ በመጋረጃ የተከለለ አልጋ ላይ አስተኝተው ጣታቸውን ወጓቸው። ነርሷ ቁጥሩን ስታይ ሮጠች፤ ግሉኮስ ተሰቀለ። ተረኛዋ ሐኪም፣ ጠና ያለች ሴት፣ «መርፌ ስንት ሰጣችኋቸው?» ብላ ጠየቀች። «ሃያ ስምንት፣ የታዘዘውን።» «በልተዋል?» «በልተዋል... ሳህኑን አይቻለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ፤ እየተናገረችው ሳለ ሳህን ማየትና ሲበላ ማየት አንድ እንዳልሆነ ገባት። ይኼኔ ነው ስልክ የተደወለላት እህትየዋ ነጠላዋ መሬት እየጠረገ የደረሰችው። «ምን አደረግሻት እናቴን?»

«አንቺ ተቀምጠሽ ያየሽውን ነው ያደረግኩት! አንዲት መስመር አልጨመርኩም! ያየሽውን!» ድምፅዋ ተሰነጠቀ። ያን ሁሉ ሰዓት ማሽን ላይ ያዘጋጀችው ክርክር ጠፍቶ ለቅሶ ብቻ ቀረ።

«አትጣሉ» የሚል ድምፅ ከአልጋው መጣ። አሮጊቷ ዓይናቸውን አልገለጡም። «እሷ ምንም አላደረገችም። እኔ ነኝ። አሥር ነበር የምወጋው።» ሐኪሟ ጎንበስ ብላ፣ «ክኒኑንስ እናቴ? ዛሬ ስንት ወሰዱ? እስከ ትላንትስ?» አለቻቸው። «ዛሬ ሁለት። ሌላ ጊዜ... እሱ ሲተኛ አልወስድም። በሩ ይጮኻል።» እዚያ መጋረጃ ውስጥ ለነበሩት ሁሉ ነገሩ አንድ ጊዜ ተገለጠላቸው። እህትየዋ ግድግዳውን ይዛ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ልብስ ሰፊዋን ቀና ብላ ማየት አልቻለችም። ልብስ ሰፊዋም ደስ አላላትም። ንጹሕ መሆኗን ሰው አወቀላት፤ እና ምን ይሁን?

ሐኪሟ ጋጋሪውን ወደ ጥግ ወሰደችው። መርፌው ገና ሥራውን አልጨረሰም አለችው፤ ስኳራቸው ተመልሶ እንዳይወርድ ግሉኮሱ መንጠባጠብ አለበት። ግሉኮሱ ግን ውሃ ነው፣ ውሃውን ደግሞ ልባቸው አይችለውም፤ ከአሁኑ ሳንባቸው ውስጥ ይሰማል። «ብንቀንሰው በአንዱ፣ ብንጨምረው በሌላው ነው። እየለካን አብረናቸው እናድራለን። ግን ዘመድ ካለ ብትጠሩ ጥሩ ነው» አለች። ጋጋሪው «ዘመድ ካለ» ማለት ምን እንደሆነ ገባው። ጠባሳ የቀረበትን ክንዱን በሌላው እጁ ጨበጠ። ከዚያ ተመልሶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠና የእናቱን እጅ ያዘ። ትንፋሻቸው ውሃ ውስጥ እንዳለ ይንተከተካል። ትራስ በትራስ ላይ ደራርበው ቀና አድርገዋቸዋል።

ዓይናቸውን ገለጡ። መጀመሪያ ያዩት እሱን ነው።

«ቀሰቀስንህ አይደል፣ የኔ ጌታ?»

 ለእናቱ ያቀልላታል ብሎ ያሰበውን፣ ባፉ የመጣለትን አለ። «አይ እማዬ፣ ምን ቀሰቀስሽኝ። አልተኛሁም እኮ። ከጠዋት ጀምሮ ነቅቼ ነው ጋደም ያልኩት።» ሲያንኮራፋ የሰማችው ልብስ ሰፊዋ ፊቷን ወደ መጋረጃው አዞረች።

አሮጊቷ አዩት። ትንፋሻቸውን ሰብስበው እስኪናገሩ ድረስ ሁሉም ጠበቃቸው።

«ውይ ልጄን» አሉ። «ነቅተህ እንደሆነ ባውቅማ እገባ ነበር።»